ሦስቱ ቀለበቶች

ሥርዓተ ተክሊሉ ተፈጽሞ፣ ሙሽሮቹ ካባ እንደ ለበሱና አክሊል እንደ ደፉ፣ በዝማሬና በእልልታ ታጅበው ከቅኔ ማኅሌቱ ወደ ደጅ ሲወጡ፣ ፊቱን ወደ እነርሱ ጀርባውን ወደ በሩ አድርጎ የኋሊት የሚራመድ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ካሜራማኑ ነው። ሕዝቡ ሁሉ የሙሽራይቱን ፊት ሲያይ የዚህን ሰው ግራ እጅ የሚያይ የለም። እጁ ግን ሥራ አልፈታም፤ ሌንሱን ከሥር አቅፎ ይዞ፣ አንዱን ቀለበት በአውራ ጣቱ ሲገፋ፣ ሌላውን በሌባ ጣቱ ሲመልስ፣ በገና መደርደር እንደ ለመደ ሰው ሳያይ በመዳሰስ ብቻ የፈለገውን ያገኛል። የዛሬው ነገራችን ስለ እነዚህ ቀለበቶች ነው።

ለቴሌቪዥን ሥራ በሚያገለግለው የትከሻ ካሜራ ላይ ቀለበቶቹ ሦስት ናቸው። ከሁሉ ፊት፣ ወደ መስታወቱ አፍ ቀርቦ ያለው የፎከስ ነው፤ መካከለኛው የዙም፤ ወደ ካሜራው አካል የተጠጋው ደግሞ የአይሪስ። ከትንንሾቹ ካሜራዎች አንዳንዶቹ አንድ ቀለበት ብቻ ስላላቸው፣ በአንዲት ቁልፍ እየለወጡ ጊዜ ለፎከስ ጊዜ ለዙም እንዲሆን ያደርጉታል፤ ይህ በእኔ አስተያየት ለሁለት ጌታ እንዳደረ ሎሌ ያለ ነገር ነው። የፎከሱንና የአይሪሱን ሥራ አንዳንድ ካሜራ በራሱ ሊሠራው ይችላል፤ ባለሙያዎቹ ያንን «ኦቶ»፣ በእጅ የሚሠራውን «ማንዋል» ይሉታል።

ከሦስቱ ምሥጢሩ የሚረቀው አይሪስ ስለ ሆነ ከእርሱ እንጀምር። የዓይናችን ብሌን በፀሐይ ጠብቦ በጨለማ እንደሚሰፋ ሁሉ፣ በሌንሱም ሆድ ውስጥ እርስ በርሳቸው የተደራረቡ ስስ ቅጠሎች አሉ፤ ቀለበቱ ሲዞር በመካከላቸው ያለው ቀዳዳ ይጠብባል ወይም ይሰፋል። በቀለበቱ ላይ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 እያለ የሚሄድ ቍጥር ተጽፎበታል፤ ጀማሪውን የሚያደናግረውም ቍጥሩ በጨመረ መጠን ቀዳዳው ማነሱ ነው። ነገሩ ግን ቀላል ነው፤ ቍጥሩ የሚነግረን የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል የሚገኘውን ነው፤ ርዝመቱ 50 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን 2 ይሆናል፤ ቀዳዳው ወደ 12.5 ቢጠብ 4። ከአንዱ ቍጥር ወደ ሚቀጥለው በተሻገርን ቍጥር የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከ2.8 ወደ 8 ያዞረ ሰው ሦስት ደረጃ ወርዶ የቀድሞውን ብርሃን አንድ ስምንተኛ ብቻ አስቀርቷል ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ከተራቀቀ፣ ኦቶው ራሱ ለምን አይለካውም? ይለካል፤ ነገር ግን የሚለካውን አያውቀውም። በሥዕሉ ውስጥ ያለውን ጸዳልና ጽልመት አደባልቆ ሁሉን ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይጥራል እንጂ፣ ከነጭ ነጠላ መካከል ብቅ ያለችው ጠይም ፊት የሥራው ዋና ምክንያት መሆኗን የሚነግረው የለም። በጥምቀት ጥዋት በጃን ሜዳ የቆመ ካሜራማን ይህን ደኅና አድርጎ ያውቀዋል፤ ዐደባባዩን የሞላው ሕዝብ ነጭ በነጭ ስለ ለበሰ፣ ኦቶው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ቀዳዳውን ያጠብበዋል፤ ነጠላው ግራጫ፣ የሰዉም ፊት ከሰል ይሆናል። ጥቁር የለበሱ ኀዘንተኞች በተሰበሰቡበት ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል፤ ቀዳዳው ያለ ልክ ተከፍቶ ፊት ሁሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።

ባለሙያው ለዚህ ያገኘው መላ ቀላል ነው። አይሪሱን ማንዋል ላይ አድርጎ፣ ዙሙን እስከ ሰውየው ጉንጭ ድረስ ያስጠጋና፣ በሌንሱ መያዣ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ለቅጽበት ተጭኖ ይለቃታል፤ ሌንሱ ከፊቱ ብቻ ለክቶ እዚያው ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ዙሙን መልሶ ነጠላውንም ሕዝቡንም ቢያስገባ ልኩ አይናወጥም። ካሜራማኑ ዓይኑን በሚያስጠጋበት በቪውፋይንደሩ ውስጥ ብሩህ በሆነው ቦታ ላይ የሚታዩት፣ ከሜዳ አህያ ስማቸውን ያገኙት የዜብራ መስመሮችም ይረዱታል። ብዙዎች ብርሃኑ 70 ከመቶ ሲደርስ እንዲታዩ ያደርጓቸዋል፤ ያ ልክ ግን ለነጭ ቆዳ የተለመደ ስለ ሆነ፣ የእኛን ሰው ፊት ዜብራ እስኪያወጣ ድረስ ማብራት ስሕተት ነው። እኔ 100 ላይ አድርጌ ለነጠላው ዘበኛ ማቆሙን እመርጣለሁ፤ ነጠላው አንድ ጊዜ ከተቃጠለ የጥበቡ ኅብርና የድሩ አሠራር ጠፍቶ ወረቀት ይሆናልና፣ በኋላም ማንም አይመልሰውም። ፀሐዩ ሲበረታ ደግሞ አይሪሱን እስከ 16 ማጥበብ ሥዕሉን ስለሚያደበዝዘው፣ ለካሜራው የፀሐይ መነጽር የሆነውን የኤንዲ ፊልተር ያዞሩለታል፤ እርሱም በየደረጃው የብርሃኑን 1/4፣ 1/16፣ ወይም 1/64 ብቻ ያሳልፋል።

ፎከስ ከዚህ ይልቅ ለመረዳት ይቀላል፤ ለመሥራት ግን አይቀልም። ካህኑ ማዕጠንቱን ሲያወዛውዝ የዕጣኑ ጢስ በካሜራው ፊት ያልፋል፤ ያን ጊዜ ኦቶ ፎከሱ ከጢሱ ወደ ካህኑ፣ ከካህኑ ወደ ጢሱ እየዋለለ፣ ተመልካቹን መርከብ ላይ የተሳፈረ ያህል ያንገላታዋል። በእጁ የሚሠራው ሰው ግን አስቀድሞ ዙሙን እስከ መጨረሻው አስጠግቶ፣ የካህኑን ሽፋሽፍት ዒላማ አድርጎ፣ ቀለበቱን ከጥራቱ ጥቂት አሳልፎ ይመልሰውና ያቆመዋል፤ ከዚያ ወደሚፈልገው ስፋት ይመለሳል። ይህን የሚያደርገው፣ ሌንሱ ሰፍቶ ሳለ በትንሿ ቪውፋይንደር ውስጥ ሁሉ የጠራ መስሎ ስለሚያታልል፣ ሲጠጋ ግን የጥራቱ ወሰን ቀጥኖ ስሕተቱ ስለሚገለጥ ነው። ዙሙ ሲመለስ ጥራቱ አብሮ አለመጥፋቱ የሌንስ ሠሪዎች ድካም ፍሬ ነው፤ ፈረንሳዊው ፒየር አንዤንዩ በ1956 እ.ኤ.አ. ለ16 ሚሊ ሜትር ፊልም በሠራው፣ ከ17 እስከ 68 ሚሊ ሜትር በሚደርሰው ዙም ውስጥ መስታወቶቹ በረቂቅ ልኬት እየተመሩ ስለሚንሸራተቱ፣ ሥዕሉ ሲጠጋም ሲርቅም ፎከሱን አይለቅም።

ፎከሱ አይለቅም የሚለው እምነት የሚጸናው ግን በሌንሱ ጫፍ፣ ከካሜራው ጋር በሚጋጠምበት ዘንድ ያለው ባክ ፎከስ የሚባል ሌላ ቀለበት የተስተካከለ እንደ ሆነ ነው። እኔ ይህን የተማርሁት በአንድ ሠርግ ነው። ሌንሱን አውጥቼ ስመልስ ነገሩን ሳልመረምር ሄድሁ፤ ቀረብ ያሉት ሥዕሎች ሁሉ እንደ ምላጭ ጠሩ፤ ሰፊዎቹ ግን፣ ድንኳኑም ዘመዱም ሁሉ፣ በጉም ውስጥ እንደ ነበሩ ሆነው ተገኙ። የሙሽራው አባት ቴፑን አይተው ሲያበቁ «ልጄ፣ ያን ቀን ዝናብ ነበር እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከመሃሉ እንደ ፀሐይ ጨረር የሚበተኑ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ያሉበትን ወረቀት በ3 ሜትር ያህል ርቀት ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ አይሪሱን ከፍቼ፣ አስጠግቼ በፎከስ፣ አስፍቼ በባክ ፎከሱ ቀለበት እያጠራሁ፣ ሁለቱም እስኪስማሙ ድረስ ሳልመላለስ ከቤት አልወጣም።

ስለ ዙም ብዙ አልልም። በሌንሱ ላይ 17×7.8 የሚል ቢጻፍ፣ አጭሩ የትኩረት ርዝመት 7.8 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ 17 ጊዜ ተባዝቶ 133 ያህል ይደርሳል ማለት ነው። ዙሙን የሚያዞረው ሞተር ዝግ ብሎ ሲሄድ ያምራል፤ እጅ ደግሞ በአንድ ቅጽበት ከዳር እስከ ዳር ያደርሰዋል። ጣቱን ከዙሙ ማንሣት የማይችል ሰው የቀረጸውን ሠርግ ያየ ግን ራሱን ይዞ ይነሣል።

አሁን ወደ ሙሽሮቻችን እንመለስ። በውስጥ ብርሃኑ ጥቂት ስለ ነበረ የአይሪሱ ቀለበት 2 ላይ ነው። በሩ ሲከፈት ኦቶው ቢሆን ከኋላቸው ያለውን ጨለማና ከፊታቸው ያለውን ጸዳል እያማረጠ ፊታቸውን አንዴ ያጨልማል አንዴ ያነጻል። ካሜራማኑ ግን የኋሊት እየተራመደ ደጁ ድረስ ታገሠ፤ ሙሽራይቱ መድረኩን ስትረግጥ አክሊሏ መጀመሪያ ብልጭ አለ። ያን ጊዜ አውራ ጣቱ ዝግ ብሎ 2.8ን፣ 4ን፣ 5.6ን አለፈ፤ በደጁ እልልታው ሲነሣ ቀለበቱ 11 ላይ ደርሶ ቆሞ ነበር።