ሽታ አነፍናፊው፣ ሽታ ደባቂው እፉኝት

ለመሆኑ እባብ ምላሱን ደጋግሞ የሚያወጣው ለምንድን ነው? «ሊነድፍ ሲል ነው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን መርዙ የሚወጣው ከጥርሱ ሲሆን፣ ምላሱ ማሽተቻው ነው።

ጉዳዩ በቦርከና ወንዝ ዳር የተንጣለለውን የጨፋን ሜዳ ለሚያውቅ ሁሉ የቅርብ ነው። በጨፋ ሮቢት አካባቢ በበጋ ወራት የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ለግጦሽ ይሰፍራሉ። ሣርና ውኃ ባለበት አይጥና እንቁራሪት ይበዛሉ፤ እነዚህን የሚያድን እባብም አይታጣም። በአገራችን በስፋት ከሚገኙት መርዛማ እባቦች አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ ቢቲስ አሪየታንስ የሚባለው እፉኝት ነው።

ሽታ ማለት በአየር ውስጥ የሚበተኑ ሞለኪውሎች ናቸው። አየሩ ጸጥ ባለ ጊዜ ሞለኪውሎቹ የሚጓዙት ፊዚክስ ዲፊውዥን በሚለው ሥርጭት ብቻ ነው፤ የሚፈጀውም ጊዜ ከርቀቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። 1 ሴንቲ ሜትር ለመድረስ 5 ሰከንድ ያህል የሚወስድበት ሽታ፣ 1 ሜትር ለመድረስ 10,000 እጥፍ፣ ማለትም 14 ሰዓት ገደማ ያስፈልገዋል። ስለዚህ እባብ ሽታው እስኪመጣለት አይጠብቅም። ምላሱን እያወዛወዘ አየሩን ያንቀሳቅሳል፤ መሬቱንም ይዳስሳል። ምላሱ የለቀማቸው ሞለኪውሎች በላንቃው ላይ ወደሚገኘው የጃኮብሰን አካል ይደርሳሉ። ምላሱ መንታ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለት ጆሮ የድምፅን አቅጣጫ እንደሚለይ ሁሉ፣ ሁለቱ ጫፎች የግራና የቀኙን ሽታ ለማነጻጸርና ዱካ ለመከተል ይረዳሉ።

እፉኝት አድፍጦ አዳኝ ነው። አይጧን ነድፎ ይለቃታል፤ ርቃ ስትወድቅም በሽታዋ ተከታትሎ ያገኛታል። የአሜሪካው ባለ ቃጭል እባብም እንዲሁ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ እባብ የተነደፈችውን አይጥ ካልተነደፈችው የሚለየው በመርዙ ውስጥ ባለ፣ ራሱ ገዳይ ባልሆነ ፕሮቲን ምክንያት ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ልዩነት አለ፦ ባለ ቃጭሉ በፊቱ ላይ ሙቀት የሚለይ ጉድጓድ ሲኖረው፣ የእኛው እፉኝት ግን የለውም።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ሌላው ገጽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት፣ የሠለጠኑ ውሾች ሌሎች እባቦችን በሽታ ሲለዩ፣ እፉኝትን ግን መለየት እንደተሳናቸው አረጋግጧል። የሌላውን ሽታ አነፍናፊው የራሱን ይደብቃል።

እንግዲህ ውሻ ይዞ መሄድ ብቻ ዋስትና አይሆንም። መልኩ ከአፈርና ከሣር ጋር ይመሳሰላል፤ ሰው ሲቀርበውም ከመሸሽ ይልቅ ባለበት ጸጥ ማለትን ይመርጣል። ስለሆነም እግርን በጫማ መሸፈን፣ በሌሊት ባትሪ ማብራት፣ ወደ ሣር ክምርና ወደ ድንጋይ ሥር እጅን በጭፍን አለመስደድ ይገባል። የተነደፈ ሰው ቢኖር ቁስሉን መብጣት፣ መምጠጥም ሆነ አጥብቆ ማሰር ጉዳቱን ያባብሳል፤ የተነደፈውን አካል ሳያንቀሳቅሱ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መካከል መድቦታል፤ በ2019ም ሞትና አካል ጉዳትን እስከ 2030 በግማሽ ለመቀነስ ዕቅድ አውጥቷል። ዕቅዱ የሚሳካው በመድኃኒት ብቻ አይደለም፤ የእባቡን ጠባይ የሚያውቅ እረኛና ተማሪም ድርሻ አለው።