ትከሻን ማደንዘዝ፣ ትንፋሽን ሳይነኩ

የተበጠሰ የትከሻ ጅማት የተሰፋለት ወይም መገጣጠሚያው በሰው ሠራሽ የተተካለት ሕመምተኛ ከባዱ ፈተና የሚጀምረው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነው። ሕመሙ ብርቱ ነው፤ በሞርፊን ብቻ ለመግታት ሲሞከር ደግሞ ማቅለሽለሽ፣ ማሳከክና ድብታ ይከተላል። ስለዚህ የማደንዘዣ ባለሙያዎች የሕመሙን ስሜት የሚያስተላልፉትን ነርቮች እዚያው አንገትና ትከሻ ላይ ማደንዘዝ ይመርጣሉ። የሚያከራክረው የትኛው ነርቭ፣ የት ቦታ ላይ ይደንዝዝ የሚለው ነው።

ከሁሉም የታወቀው ኢንተርስኬሊን ብሎክ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም አሎን ዊኒ በ1970 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ይህ ዘዴ ወደ ክንድ የሚወርዱትን የነርቭ ሥሮች በአንገት ጎን፣ በሁለት ጡንቻዎች መካከል ሲያልፉ ያገኛቸዋል። ባለሙያው የአልትራሳውንዱን መሣሪያ አንገት ላይ ሲያሳርፍ ሥሮቹ እንደ ትራፊክ መብራት ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ ጥቁር ክቦች ሆነው ስክሪኑ ላይ ይታያሉ። መርፌው ከጎን ይገባል፤ ማደንዘዣው መድኃኒት፣ ቡፒቫኬይን ወይም ሮፒቫኬይን፣ ሲለቀቅ ፈሳሹ ክቦቹን ሲከባቸው በዓይን መከታተል ይቻላል። ትከሻው ብዙም ሳይቆይ ይደነዝዛል።

ጣጣው ያለው ጎረቤቱ ላይ ነው።

ለመተንፈስ ዋናውን ሥራ የሚሠራውን ድያፍራም የሚያንቀሳቅሰው ፍሬኒክ ነርቭ ከነዚህ ሥሮች ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ርቆ ያልፋል። በ1991 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ይህን ብሎክ የተወጉት ሕሙማን በሙሉ በመርፌው በኩል ያለው ድያፍራማቸው ለጊዜው ሽባ ሆኖ ተገኝቷል። ጤናማ ሳንባ ያለው ሰው ላያስተውለው ይችላል፤ ሳንባው የታመመ ሰው ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። አንዳንዱም የዓይኑ ቆብ ለሰዓታት ይወርዳል፣ ድምፁ ይጎረንናል።

አንዱ መፍትሔ መጠኑን መቀነስ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት መድኃኒቱ ከ20 ወደ 5 ሚሊሊትር ሲወርድ ድያፍራማቸው የሰነፈባቸው ሕሙማን ከመቶ በመቶ ወደ 45 በመቶ ቀንሰዋል፤ የሕመም ማስታገሻነቱ ግን አልተጓደለም። ሌላው መርፌውን ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ አምስተኛውና ስድስተኛው የአንገት ነርቭ ሥሮች ተገናኝተው የላይኛውን ግንድ በሚፈጥሩበት ቦታ መውጋት ነው። ፍሬኒክ ነርቭ እዚያ ራቅ ይላል፤ ማስታገሻነቱም ከኢንተርስኬሊኑ ብዙ አያንስም። ይሁንና ድያፍራሙ ሁልጊዜ ያመልጣል ማለት አይደለም።

ከአንገት ጨርሶ የሚርቀው ዘዴ ሱፕራስካፑላር ነርቭን ከትከሻ አጥንት በላይ፣ አክሲላሪ ነርቭን ደግሞ ከላይኛው ክንድ ጀርባ ለየብቻ ያደነዝዛል። የመጀመሪያው ብቻውን የትከሻ መገጣጠሚያን ስሜት 70 በመቶ ያህል ይሸከማል። ድያፍራም ይተርፋል፣ ጣቶችም ይንቀሳቀሳሉ። ዋጋው ሁለት መርፌና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጠንከር ያለ ሕመም ነው።

እንግዲህ ሁሉን የሚያሸንፍ ብሎክ የለም። ሳንባው ጤናማ ለሆነ ሰው ኢንተርስኬሊን ወይም የላይኛው ግንድ ብሎክ ይመረጣል፤ ትንፋሽ ለሚያስቸግረው የሱፕራስካፑላሩ መንገድ ይሻላል። ስለዚህ አስም፣ ሌላ የሳንባ ሕመም ወይም በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥ ያለበት ሰው ከመርፌው በፊት ለማደንዘዣ ባለሙያው ይንገር። የአንድ ጊዜ መርፌ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይለቃል፣ ሕመሙም በድንገት ይመለሳል፤ የታዘዘውን ክኒን መጀመር የሚገባው ክንዱ ገና ደንዝዞ ሳለ ነው።