እውነት ወይስ ተረት? የአዝመራ አምላክ በድሬዳዋ ሰማይ ሥር

በምናብ ዓለም ገጸ ባሕርይ ተላብሰው የሚጫወቱ ሰዎች የአዝመራ አምላክ ፍለጋ አይንከራተቱም። የጨዋታው መጽሐፍ ስሟን፣ ምልክቷንና ሥልጣኗን ለይቶ አስቀምጦላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ የታተመው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የዚህ ዓይነት ጨዋታ አባት ነው። ከዓለሞቹ አንዱ በሆነው፣ ኤድ ግሪንውድ በፈጠረው «ፎርጎትን ሪልምስ» ውስጥ እርሻን የምትጠብቀው እንስት አምላክ ቻውንቲያ ትባላለች፤ ምልክቷ የእህል ነዶ ነው። ጫካው ግን የሷ አይደለም፣ የሚሊኪ ነው። ዱሩ የሲልቫነስ፣ ማዕበሉ የታሎስ፣ ውርጩ የኦሪል። እያንዳንዱ አምላክ የራሱ መሥሪያ ቤት አለው፤ ባለጉዳይ በር አይሳሳትም።

ይህን ጨዋታ ወይም ከሱ የተወለዱትን የስልክና የኮምፒውተር ጨዋታዎች የለመደ ወጣት ወደ አገሩ ዞሮ «የእኛዋስ ማን ናት?» ቢል አይፈረድበትም። የሚገርመው መልሱ ተዘጋጅቶ መጠበቁ ነው፤ አቴቴ፣ ኢሬቻ፣ ኦዳ ይባልለታል። ጥያቄው ደግሞ ድሬዳዋ ላይ ሲነሳ ይከብዳል። መልካ ጀብዱ በኩል በተዘረጋው የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ወዲህ የነጻ ንግድ ቀጠና በሆነው ግቢ፣ ሼድ ውስጥ ከሚውለው ሰው መካከል ከማሽላ ማሳ የመጣ የገበሬ ልጅ አይጠፋም። ለሱ ዝናብ የጨዋታ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ የሚወራውን አንድ በአንድ እንየው።

ተረት፦ «አቴቴ የኦሮሞ የአዝመራ እንስት አምላክ ናት»

ይህኛውን ለማረም የሚያስቸግረው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ ሸዋ የገባው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ስለ ኦሮሞ እምነት ሲጽፍ፣ ከሁሉ በላይ ያለውን ዋቃን ካነሳ በኋላ ከሥሩ ሁለት ኃይሎችን ያስቀምጣል፤ ወንዱን ኦግሊ፣ ሴቷን አቴቴ ይላቸዋል። ሌሎች ጸሐፊዎችም ተቀባበሉት። የግሪክና የሮማን ተረት እየተማረ ላደገ አውሮፓዊ ነገሩ ያለቀለት ነበር፤ ግሪክ ዴሜጥር ካለቻት ኦሮሞም አንዲት ልትኖረው ይገባል። የጨዋታ ደራሲዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው በዳይስና በወረቀት የሠሩትን ሥራ ተጓዦቹ በማስታወሻ ደብተራቸው ቀድመው ሠርተውታል፤ ለእያንዳንዱ ሥርዓት አንድ አምላክ መድበዋል።

በሥርዓቱ ውስጥ ላሉት ሴቶች ግን አቴቴ ከሁሉ በፊት የሚወጡለት፣ የሚዘምሩለት ጉዳይ ነው። ድርቅ ሲጠና፣ ልጅ ሲጠፋ፣ ጠብ ሲነሳ ያገቡ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው፣ ጫጩ የተባለውን የጨሌ ጌጣቸውን አጥልቀው፣ እርጥብ ሣር ጨብጠው ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጉባኤ ሥፍራ ይወርዳሉ። ሲንቄ ሴት ልጅ ስትዳር የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው፤ ሲንቄ የያዙ ሴቶች በሁለት ተጣይ ወገኖች መሐል ከገቡ መማታት ነውር ነው። ልመናው ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ሰላም ነው። ተለማኙ ዋቃ ነው። በምዕራብ ኦሮሞ ዘንድ ለብዙ ዓመታት የኖረው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ላምበርት ባርትልስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በጥንቃቄ ለይቶታል፤ ዋቃ አንድ ነው፣ በሰው፣ በቀን፣ በቦታ ላይ የሚያርፈው ደግሞ አያና ይባላል። አያና ከዋቃ የተለየ፣ በራሱ መንበር የተቀመጠ ሌላ አምላክ አይደለም።

ግማሹ እውነት የሚገኘው መሐል አገር ነው። በሸዋና በአዲስ አበባ ብዙ ሰው የአቴቴ ጨሌ በሙዳይ ያኖሩ አያቶች ትዝ ይሉታል። እዚያ አቴቴ በእርግጥም ስም ያላት፣ የምትቆጣና በቡናና በቄጤማ የምትታረቅ ውቃቢ ሆናለች፤ አማራውም ኦሮሞውም ያውቃታል። ይሁን እንጂ ያቺም ብትሆን የማኅፀንና የጓዳ ናት። ነዶ ይዛ ማሳ ላይ የቆመች ቻውንቲያ አትመስልም።

ተረት፦ «ኢሬቻ የመኸር በዓል ነው»

በእንግዳ ፊት የሚነገረው አጭር ማብራሪያ ይኼ ነው፤ የሚያፈርሰው ደግሞ የገበሬው የቀን መቁጠሪያ። ትልቁ ኢሬቻ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ የሚከበረው ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ ነው፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በዋዜማው አዲስ አበባ ላይ ይከበራል። በዚያ ሳምንት ምን ይታጨዳል? የደጋው ጤፍ ገና አረንጓዴ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን በበልግ ዝናብ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጋቢትና በሚያዝያ ይዘራል፤ የሚሰበስበው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ የሙይራው ወይም የፈንዲሻው ማሽላ ፍሬ እየቋጠረ፣ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ እያባረሩ ናቸው። ጎተራው ባዶ የሚሆንበት፣ የዓመቱ አስጨናቂ ወቅት ነው።

እንግዲያው ምስጋናው ስለምንድን ነው? ስለ መሻገር ነው። ክረምቱ አልፏል፣ የሞላው ወንዝ ጎድሏል፣ ተለያይቶ የከረመ ዘመድ ተገናኝቷል። እህሉ እጅ ሳይገባ የሚቀርብ ምስጋና ነው፤ እኔን ከማንኛውም የጨዋታ መጽሐፍ ይልቅ የሚስበኝ ይህ ነው። በጨዋታው ዓለም አማኙ ለቻውንቲያ ያቀርባል፣ ቻውንቲያም ትሰጣለች፤ ንግድ ነው። በሐይቁ ዳር ግን ሣርና ኬሎ የተባለውን አበባ ይዞ ውኃ የሚነካው ሰው በረዶም ዋግም ገና ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ ነው የሚያመሰግነው። ለልመናው ሌላ ኢሬቻ አለ፤ በበጋው ማብቂያ ተራራ ላይ የሚወጣው፣ ዝናብ የሚጠየቅበት።

ተረት፦ «ኦዳ ይመለካል፣ ለገ ኦዳም ቤተ መቅደሱ ነበር»

ኦዳ በተባለው ዛፍ ሥር ሕግ ይታወጃል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ይታረቃል፤ በምዕራብ ሐረርጌ ኦዳ ቡልቱም የኢቱና የሁምበና ኦሮሞ የገዳ ማዕከል እንደሆነ የታወቀ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የመዘገበው የገዳ ሥርዓት እንዲህ ባሉ ዛፎች ጥላ ሥር የኖረ ነው። ጥላውን ማክበር ዛፉን ማምለክ አይደለም።

ለገ ኦዳ ሌላ ወሬ ነው። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምዕራብ ያለው ይህ የዋሻ መጠለያ በሥዕሎቹ ዝነኛ ነው፤ ከብቶች፣ የዱር እንስሳት፣ ሰዎች ይታዩበታል። ነዶ የያዘች እመቤት የለችበትም። ከሥዕሉ ይልቅ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ከሥሩ የተቆፈረው ነው። የአርኪዮሎጂ ተመራማሪው ዴዝመንድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካወጣቸው ጥቃቅን የድንጋይ ምላጮች አንዳንዶቹ ጠርዛቸው ላይ ሣር በመቁረጥ የሚመጣ ዓይነት ወዝ ተገኝቶባቸዋል። የቆረጡት የተዘራ እህል ነበር ለማለት አያስደፍርም፤ የዱር ሣር ሊሆን ይችላል። ብቻ ድሬዳዋ አካባቢ ስለ አጨዳ የሚመሰክር ጥንታዊ ነገር ከፈለጋችሁ በእጅ የሚያዝ ስለት እንጂ የአምላክ ምስል አይደለም።

ተረት፦ «የአዝመራ አምላክ ደግ፣ የማዕበሉ ክፉ ነው»

ጨዋታው ይህን ክፍፍል ይወደዋል። ቻውንቲያ ደግ ናት፣ ታሎስ አጥፊ ነው፤ ጀግናው ከማን ጋር እንደሚቆም ግልጽ ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን ይህ ሠንጠረዥ አይሠራም። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከከተማዋ በላይ ባሉት ከፍታዎች የጣለው ዝናብ ግን በሌሊት ሞልቶ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። የገደለው ዝናብና ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የለመነው ዝናብ አንድ ነው፤ ከአንድ ሰማይ ነው የመጣው። ዋቃንም፣ አላህንም፣ እግዚአብሔርንም የሚለምን ሰው ሁለቱን ለሁለት አማልክት አከፋፍሎ መገላገል አይችልም።

ስለዚህ ዝናብ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የትኛው አምላክ ተቆጣ?» ተብሎ ሳይሆን «እኛ ምን አጠፋን?» ተብሎ ነው። ዋቃን በሚያመልከው እምነት፣ በዋቄፈና፣ ሰፉ የተባለው የሥነ ምግባር ሥርዓት ተጥሷል ይባላል፣ እርቅ ይወርዳል። ሙስሊሙ ሜዳ ወጥቶ የዝናብ ሶላት ሲሰግድ ንስሐና ሶደቃ ይቀድማሉ፤ የተጣላም እንዲታረቅ ይመከራል። ክርስቲያኑ ምህላ ሲይዝም እንዲሁ፤ ጾምና ይቅርታ ከፊት ይሄዳሉ። ሦስቱ በሥርዓታቸው የተለያዩ ናቸው፤ በዚህች መነሻ ግን ይገናኛሉ። በጨዋታው መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ የተተወ ቦታ አላየሁም።

ተረት፦ «ምሥራቁ ከሰለመ ወዲህ ዋቅ ተረስቷል»

ምሥራቁ ሙስሊም ነው፣ ለዝናብም አላህን ይለምናል፤ ይህ አያከራክርም። ስሙ ግን ከምድሩ አልጠፋም። ሶማሌዎች ከእስልምና በፊት የሰማዩን አምላክ ዋቅ ይሉት ነበር፤ ዛሬም አቡድዋቅና ኤልዋቅ የሚባሉ ከተሞች አሉ። የኦሮሞው ዋቃና የሶማሌው ዋቅ ሥራቸው አንድ ነው። ድሬዳዋ ደግሞ ሁለቱ ሕዝቦች ጎን ለጎን የሚኖሩባት ከተማ ናት።

ተረት፦ «ሼድ ውስጥ ላለ ሰው ዝናብ ምኑም አይደለም»

ይህን የሚል ሰው መብራት ሲጠፋ ይጠየቅ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ነው። በፓርኩ የሚዞር ማሽንም፣ ዕቃውን ወደ ጅቡቲ የሚወስደው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡርም ግድቦቹ ላይ በወረደው ክረምት ይንቀሳቀሳሉ። የሠራተኛው የምሳ ዋጋም ቢሆን ማሽላው ከያዘበትና ከከሸፈበት ዓመት ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል።

ተረት፦ «የጨዋታው አማልክት የሰይጣን ናቸው፤ ወይም ከባዶ የተፈለሰፉ ናቸው»

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ወላጆች ጨዋታው ልጆችን ለሰይጣን ይሰጣል ብለው ዘመቻ አካሂደው ነበር። ወደ ቻውንቲያ ግን ማንም አይጸልይም፤ ተጫዋቹ ዳይስ ይጥላል፣ ቁጥሩ ፈውስ ይሰጠዋል ወይም ይነፍገዋል፣ ጨዋታው ሲያልቅ መጽሐፉ ይዘጋል። ከባዶ ተፈለሰፉ የሚለውም አያስኬድም። ሚሊኪ ከፊንላንድ ተረት፣ ሲልቫነስ ከሮማውያን የተወሰዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የዚሁ ጨዋታ የአማልክት መጽሐፍ ከባቢሎን እስከ ጃፓን ሲያካልል ከአፍሪካ የወሰደው ግብፅን ብቻ ነው። የእኛን ባለመውሰዱ አልቆጭም፤ ወስዶት ቢሆን አቴቴን ነዶ አስይዞ፣ ዋቃን የሰማይ መምሪያ ኃላፊ አድርጎ ያሰልፋቸው ነበር።

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ወጣት ተነሥቶ የራሱን ጨዋታ ልጻፍ ካለ የሚቀይረው ስሞቹን ሳይሆን ደንቡን ነው። ዝናቡን የሚያወርድ ካህን አይኖረውም። ድርቅ የገባበት መንደር በመጀመሪያው ዙር ሽማግሌ ይልካል፤ ተጫዋቹ ከጎረቤቱ ጋር ያለውን የማሳ ድንበር ጠብ ሳይጨርስ ዳይሱን መጣል አይፈቀድለትም። ሁለተኛው ዙር ላይ ሴቶቹ ሲንቄ ይዘው ይወጣሉ። ሦስተኛው ላይ ዳይሱ ይጣላል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ማሽላው ይይዛል፣ ከልክ በላይ ከፍ ካለ ደግሞ ደቻቱ ይሞላል።