የሲቤሊየስ ታሪክ ጸሐፊ

ኤሪክ ታቫስትሸርና የዣን ሲቤሊየስን የሕይወት ታሪክ የመጀመሪያ ቅጽ ለኅትመት ያበቃው በ1965 ነው። ያኔ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ተጠግቷል። አምስተኛውና የመጨረሻው ቅጽ በ1988 ሲወጣ ሰባን ተሻግሮ ነበር። ከዚያ በኋላ የኖረው አምስት ዓመት እንኳ አይሞላም፤ በጥር 1993 አረፈ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአንድን የሙዚቃ ደራሲ ሕይወት ለመጻፍ የራሱን የጉልምስና ዘመን ጨረሰ ማለት ነው። የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊነት ምን ዓይነት ሙያ እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የዚህን ፊንላንዳዊ የሥራ ዘመን ቢመለከት ይበቃዋል ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ ስለተጻፈለት ሰው ጥቂት እንበል። ዣን ሲቤሊየስ በ1865 ሄሜንሊና በተባለች ትንሽ የፊንላንድ ከተማ ተወለደ። አገሩ ያኔ በሩሲያ ዛር ሥር የምትተዳደር ግዛት ነበረች፤ ነፃነቷን ያወጀችው በ1917 ነው። ሰባት ሲምፎኒዎች፣ አንድ የቫዮሊን ኮንቸርቶና ብዙ የኦርኬስትራ ሥራዎች ጽፏል። «ፊንላንዲያ» የተባለው ሥራው ከአገሩ አልፎ ሄዷል፤ መሐሉ ላይ ያለው ዝግ ያለ ዜማ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሆኗል፣ በ1967 ከናይጄሪያ ተገንጥላ የነበረችው ቢያፍራም ብሔራዊ መዝሙሯን ያዜመችው በዚሁ ዜማ ነው። «ታፒዮላ» የተባለውን ሥራ በ1926 ከጨረሰ በኋላ ግን ሰውዬው ዝም አለ። በ1957 በ91 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል፣ አንድም ትልቅ ሥራ ለሕዝብ አላቀረበም።

ዝምታው ወሬ ወለደ። በእንግሊዝና በአሜሪካ የነበሩ አድናቂዎቹ የሰሜኑ ጫካ ነቢይ አደረጉት። በተቃራኒው ጀርመናዊው ፈላስፋ ቴዎዶር አዶርኖ በ1938 ባወጣው አጭር ጽሑፍ አብጠለጠለው፤ በ1955 ደግሞ ሬኔ ላይቦዊትስ የተባለ ሐያሲ የዓለም መጥፎው የሙዚቃ ደራሲ የሚል ርእስ የሰጠውን ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በ1935 የወጣው የካርል ኤክማን የሕይወት ታሪክ የተመሠረተው በአብዛኛው ሲቤሊየስ ራሱ በነገረው ላይ ነበር። ሽማግሌው ደግሞ ስለራሱ ሲናገር የሚያስቀረውን የሚያውቅ ሰው ነው። ባጭሩ፣ የሚያመልኩትም የሚያጥላሉትም የቤቱን ወረቀት ሳያዩ ነበር የሚፈርዱት።

ታቫስትሸርና ወደዚህ የገባው በፒያኖ በኩል ነው። በ1916 ሚኬሊ ውስጥ ተወልዶ ፒያኒስት ለመሆን ተማረ። በሲቤሊየስ ላይ ያደረገው የመጀመሪያ ጥናትም ስለ ሲምፎኒዎቹ ሳይሆን ብዙዎች ለእንጀራ ብቻ የተጻፉ እያሉ ስለሚንቋቸው የፒያኖ ሥራዎቹ ነበር። ይህን አጀማመር እወድለታለሁ። ዋናውን በር ሁሉም ያንኳኳል፤ እሱ በጓሮ ገባ። በ1960 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ጥናት ፕሮፌሰር ሆነ፤ እስከ 1983 አስተማረ። ጎን ለጎንም የጋዜጣ የሙዚቃ ሐያሲ ነበር። ፒያኖውም ከቤቱ አልጠፋም። ስሙን የወረሰው ልጁ ፒያኒስት ሆኖ አባቱ ያጠናቸውን የፒያኖ ሥራዎች ሙሉ በሙሉ በሸክላ አስቀርጿል።

የሙያውን አቅጣጫ የወሰነው ግን የቤተሰቡ ፈቃድ ነው። ሲቤሊየስ ከሞተ በኋላ ሚስቱ አይኖና ልጆቹ ወረቀቶቹን ለታቫስትሸርና ከፈቱለት። ያገኘው ቀላል ነገር አይደለም። ከ1909 እስከ 1944 የተጻፈ የዕለት ማስታወሻ፣ ባልና ሚስቱ የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች፣ በእርሳስና በቀለም የተሞሉ የኖታ ረቂቆች ነበሩ። ማስታወሻው የተጻፈው በስዊድንኛ ነው፤ ሲቤሊየስ አፉን የፈታው በዚያ ቋንቋ ነበርና። የታቫስትሸርናም የጽሑፍ ቋንቋ ስዊድንኛ ነው፤ ስለዚህ ያለ አስተርጓሚ አነበበው።

ውስጡ ያለው የሰሜኑ ነቢይ አልነበረም። ዕዳ የሚቆጥር፣ የባንክ ቀነ ገደብ በመጣ ቁጥር የሚጨነቅ፣ ሌሎች ደራሲዎች ሲወደሱ የሚያንገበግበው፣ መጠጥ ትቶ እንደገና የሚጀምር ሰው ነው። አይኖ በ1907 በባሏ ጠጪነት ምክንያት ተዳክማ ሂቪንካ በሚገኝ ማገገሚያ ቤት ከርማለች። በዓመቱ ሲቤሊየስ ጉሮሮው ላይ ዕጢ ወጣበትና በርሊን ላይ በቀዶ ሕክምና ወጣለት፤ ሐኪም ስለከለከለውም ለሰባት ዓመት ያህል ከመጠጥና ከሲጋራ ራቀ። በ1911 የተሰማው አራተኛው ሲምፎኒ፣ ጨለማውና ቁጥቡ፣ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ይህን ሁሉ ሳያውቁ አራተኛውን መስማት ይቻላል። ታቫስትሸርናን ያነበበ ሰው ግን ዳግመኛ ስለ ጫካና ስለ በረዶ ብቻ የተጻፈ ነው ብሎ አይሰማውም።

አይኖ የሞተችው በ1969 ነው። የመጀመሪያው ቅጽ ሲታተም በሕይወት ነበረች ማለት ነው፤ ስለ ትዳሯ የሚጽፈው ሰውም ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ይጠይቃት ነበር። ለአንድ ታሪክ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ዕድልም ከዚህ የከበደ ገመድም የለም። እውነቱን ሰውሮ ቢያልፍ አንባቢው ይታዘበዋል፤ ሁሉን ቢዘረግፍ ቤቱ ይዘጋበታል። እሱ ዝግ ብሎ፣ በየቅጹ እየጨመረ ሄደ።

የእጁን ሥራ ቀረብ ብለን እንይ። ሚያዝያ 21 ቀን 1915 ሲቤሊየስ አሥራ ስድስት ስዋኖች፣ እነዚያን ነጭ አንገተ ረጅም የውሃ ወፎች፣ በራሱ ላይ ሲዞሩ አየ። በሕይወቱ ካያቸው ታላላቅ ነገሮች አንዱ እንደሆነ በማስታወሻው ጻፈ፤ እዚያው ላይም ለአምስተኛው ሲምፎኒ መደምደሚያ ክፍል የሚሆነውን ዜማ በኖታ አስፍሮ ለትራምፔት መደበው። እንግዲህ ወሬ ወዳድ የሆነ ጸሐፊ እዚህ ላይ ብዕሩን ያሳርፋል፤ ወፎች በረሩ፣ ሲምፎኒ ተወለደ ብሎ። ታቫስትሸርና ግን ማስታወሻውን ከደብዳቤዎቹና ከረቂቅ ደብተሩ ጎን ለጎን ዘረጋው። አዲስ ሲምፎኒ እንደጀመረ ሲቤሊየስ ለወዳጁ ለአክሴል ካርፔላን በ1914 መኸር ነግሮታል። ደብተሩ ውስጥ ደግሞ አምስተኛውና ስድስተኛው ሲምፎኒ ገና አልተለያዩም፤ ለአንዱ የታሰበው ለሌላው ይውላል፣ ዜማው ቦታ ይለውጣል።

ሲምፎኒው ሲቤሊየስ 50 ዓመት በሞላበት ቀን፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1915፣ በአራት ክፍል ተሰማ። ደራሲው አልረካበትም፤ በ1916 አሻሻለው፣ በ1919 እንደገና ሠራው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ተዋሕደው ሥራው ባለ ሦስት ክፍል ሆነ። በማስታወሻው ለትራምፔት የተመደበው ዜማም ዛሬ በመደምደሚያው ክፍል መጀመሪያ የሚሰማው በሆርኖች ነው፤ ትራምፔቶቹ ተራቸው የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ወፎቹ እውነት ናቸው፣ ግን ሲምፎኒውን የሠራው የአንድ ማለዳ ተአምር ሳይሆን ወደ አምስት ዓመት የወሰደ መፈተልና መተርተር ነው። ይህን ከወረቀት ላይ ለቅሞ ለማሳየት ስዊድንኛ ማንበብ ብቻ አይበቃም። ኖታ አንብቦ በጆሮው የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል፤ የፒያኖ ትምህርቱ ዋጋ ያገኘው እዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር የጠፋው ወረቀት ነው። ሲቤሊየስ ስምንተኛ ሲምፎኒ እየጻፈ መሆኑን ዓለም ያውቅ ነበር። የቦስተን ኦርኬስትራ መሪ ሰርጌ ኩሴቪትስኪ ለዓመታት ሲጠብቀው ኖሯል። ሥራው አልመጣም። የሆነውን ለታቫስትሸርና የነገረችው አይኖ ናት። በ1940ዎቹ፣ ያርቬንፓ አጠገብ በሚገኘው አይኖላ በተባለው ቤታቸው፣ ሲቤሊየስ ኖታዎቹን በልብስ ቅርጫት ሰብስቦ በመመገቢያ ክፍሉ ምድጃ ውስጥ አቃጠላቸው። «ካሬሊያ» ከተባለው ሥራው የተገነጠሉ ገጾችም አብረው ገብተዋል። እሷ ቆማ ለማየት አቅም አጥታ ከክፍሉ ወጣች። ከዚያ በኋላ ባሏ ረጋ እንዳለና መንፈሱ ቀለል እንዳለው ነግራዋለች። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ያም አረንጓዴ ምድጃ እቦታው አለ። ታቫስትሸርና በጊዜ ደርሶ ባይጠይቅ ኖሮ ይህን የሚመሰክር ሰው ከአይኖ ጋር ይቀበር ነበር። የታሪክ ጸሐፊ ትልቁ ሥራ አንዳንድ ጊዜ ከመጻፉ በፊት ነው፣ ምስክሩ ሳይሞት መድረስ።

መጽሐፉ ራሱም መንገደኛ ሆነ። በስዊድንኛ ተጻፈ፣ ቀድሞ የታተመው ግን በፊንላንድኛ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን የተረጎመው ቱኦማስ አንሃቫ የተባለ ገጣሚ ነበር። እንግሊዝኛውን የወሰደው የቢቢሲው ሮበርት ሌይቶን ነው። አምስቱን ቅጽ ወደ ሦስት አጠረው፤ እነሱም በ1976፣ በ1986ና በ1997 ወጡ። ሦስተኛው ሲታተም ደራሲው በሕይወት አልነበረም።

አሁን ነቀፌታዬን ልናገር። ለብዙ ዘመን የሲቤሊየስን ማስታወሻ በነፃነት ገልጦ የጻፈ አንድ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። እሱ የመረጠውን መስመር ሌላው ይጠቅሳል፣ እሱ የዘለለውን የሚያውቅ የለም። ሰውዬው ታማኝ ነበር፤ ቢሆንም አንድ በር ያለው ቤት፣ በረኛው ደግ ቢሆንም፣ ለጥናት አይመችም። በሩ የሰፋው ቤተሰቡ በ1982 የእጅ ጽሑፎቹን ለሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሲሰጥ ነው። ካሪ ኪልፔላይነን ወረቀቱን፣ ቀለሙንና የእጅ ጽሑፉን እየመረመረ ካታሎግ አዘጋጀ፤ በ1991 ታተመ። ቀን ያልተጻፈበት ረቂቅ በወረቀቱ ዓይነት ዘመኑ ይታወቅ ጀመር። ፋቢያን ዳልስትሮም በ2003 የሥራዎቹን ሙሉ መዝገብ፣ በ2005 ደግሞ የዕለት ማስታወሻውን ራሱን አሳተመ፤ ከዚያ ወዲህ ስዊድንኛ የሚያነብ ሁሉ ታቫስትሸርናን ከምንጩ ጋር ማስተያየት ይችላል። የሲቤሊየስን ሥራዎች በሙሉ ከእጅ ጽሑፎቹ ጋር እያመሳከረ የሚያሳትመው ፕሮጀክትም ከ1990ዎቹ ጀምሮ እየሠራ ነው። በዚህ ፕሮጀክት ላይ የሠራችው አሜሪካዊቷ ግሌንዳ ዶውን ጎስ በ2009 ሌላ የሕይወት ታሪክ ጽፋለች፤ እሷ ከሰውየው ማስታወሻ ይልቅ በዙሪያው ስትነቃ በነበረችው ፊንላንድ ላይ ታተኩራለች።

ከተረፉት ረቂቆች መካከልም የስምንተኛው ሲምፎኒ ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉ ቁርጥራጮች ተለይተው በ2011 የሄልሲንኪ ፊልሃርሞኒክ በዮን ስቶርጎርድስ መሪነት ተጫወታቸው። ሦስት ናቸው፤ አንድ ላይ ሦስት ደቂቃ አይሞሉም። ከዚህ ተነሥቶ ሲምፎኒውን ልሙላው የሚል ቢመጣ እኔ አላምነውም። ሰውየው ያቃጠለው ነገር ነው። ይሁንና እነዚያ ደቂቃዎች ምድጃው የበላው ባዶ ወሬ እንዳልነበር ያስረዳሉ፤ ሙዚቃው ነበረ፣ እንግዳ የሆነ ስምም ድምፅም ነበረው።

እንግሊዝኛ የሚያነብ ወዳጅ ከየት ልጀምር ቢለኝ፣ ከሲቤሊየስ የልጅነት ዘመን አትጀምር እለዋለሁ። የሌይቶንን ሁለተኛ ቅጽ ይውሰድ፤ ከ1904 እስከ 1914 ያለውን ነው የሚይዘው፣ የጉሮሮው ሕመምና አራተኛው ሲምፎኒ ያሉበት። ስለ አራተኛው የሚያወራውን ምዕራፍ ያንብብ፣ ሲምፎኒውን ይስማ፣ ከዚያ ምዕራፉን ይድገመው። ካልጣመው ሌሎቹን ሁለት ቅጾች መግዛት የለበትም።