ሠርቶ የሚሄድ ቆዳ

አፕሊግራፍ በፋብሪካ የሚሠራ፣ ሕይወት ያለው የሰው ቆዳ ነው። ከረጢቱ ሲቀደድ ክብ የፕላስቲክ ሳህን ይወጣል። ሳህኑ ላይ ሴሎቹ በመንገድ የሚሰነብቱበት ረጋ ያለ ምግብ አለ፤ ከምግቡ በላይ ስፋቱ 7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ስስ ክብ ተነጥፏል። ባለሙያው አስቀድሞ የሚያየው ቆዳውን ሳይሆን የምግቡን ቀለም ነው። አሲድነቱ ከተዛባ ቀለሙ ይለወጣልና አብሮ ከሚላከው የቀለም ሰሌዳ ጋር ያስተያየዋል፤ ካልገጠመ ይጥለዋል። ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፤ ዕድሜውም የቀናት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አልድን ላለ ቁስል ነው። ስኳር ለዓመታት ሲቆይ የእግር ነርቭ ይደነዝዛል። ጠባብ ጫማ ሲፈገፍግ፣ ጠጠር ሲወጋ አይሰማም፤ ብዙ ሰው መቁሰሉን የሚያውቀው ማታ ካልሲው ረጥቦ ሲያገኘው ነው። ከስኳር ጋር ከሚኖሩ ሰዎች ከ19 እስከ 34 ከመቶ የሚሆኑት በዕድሜያቸው የእግር ቁስል እንደሚገጥማቸው ይገመታል። ጤናማ ሰው ላይ ቁስል ይቆጣል፣ ከዚያ ቁጣው ይበርድና አዲስ ሥጋ ይሞላል። እዚህ ግን ቁጣው አይበርድም። ጀርም ሊያጠፉ የመጡት ነጭ የደም ሴሎች እዚያው ይከርማሉ፤ የሚረጩት ኢንዛይም ገና በመሠራት ላይ ያለውን ኮላጅን የተባለ የቆዳ ፕሮቲን መልሶ ያፈርሰዋል። በቁስሉ ዳር ያሉት ሴሎችም ይፈዛሉ፤ ዳሩ ይደድራል እንጂ ወደ መሀል አይሄድም።

የአፕሊግራፍ ታሪክ ከዩጂን ቤል ይጀምራል። እኚህ የኤምአይቲ ተመራማሪ በ1979 (እ.ኤ.አ.) ፋይብሮብላስት የተባሉትን የውስጠኛ ቆዳ ሴሎች ከኮላጅን ጄል ጋር ቢቀላቅሏቸው፣ ሴሎቹ ጄሉን ከየአቅጣጫው እየሳቡ ቆዳ መሳይ ነገር እንደሚያደርጉት አሳዩ። በ1985 ኦርጋኖጀነሲስ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። አሠራሩ ከዚያው ግኝት የተቀዳ ነው። ከከብት የተወሰደ ኮላጅን ከፋይብሮብላስት ጋር ይረጋል፤ ሴሎቹ ለቀናት ስበው ያጠብቁታል፤ በላዩ የላይኛውን ቆዳ የሚሠሩት ኬራቲኖሳይቶች ይዘራሉ። እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። እነዚህ ሴሎች ፈሳሽ ውስጥ እንደተዘፈቁ ቢቀሩ ደህና ቆዳ አይወጣቸውም፤ ፈሳሹ ዝቅ ብሎ ፊታቸው ለአየር ሲጋለጥ ግን በድርብርብ ይቆማሉ፣ የላዩም ደርቆ ይጠነክራል። ሥራው ሦስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል።

ሴሎቹስ ከየት መጡ? ከተገረዙ ሕፃናት ሸለፈት። ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን በሚገረዝበት አገር ያደገ አንባቢ ፈገግ ይል ይሆናል። ነገሩ ግን ታስቦበት ነው፤ የአራስ ሴል ብርቱ ነው፣ ደጋግሞ ይራባል፣ ከአንዲት ቁራጭ በሺህ የሚቆጠሩ ክቦች ሊወጡ ይችላሉ። እናቲቱም ሴሎቹም ከበሽታ ነጻ መሆናቸው ይመረመራል። የባዕድ ቆዳ ሆኖ ሳለ ሰውነት በቁጣ የማይጥለው፣ አንዱ ምክንያት የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅሱት የላንገርሃንስ ሴሎች ስለሌሉበት ነው።

ብዙ ሰው ክቡ እዚያው በቅሎ የሚቀር ይመስለዋል። አይቀርም። ከተደረገላቸው ሕሙማን ላይ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የለጋሹ ዲኤንኤ ተፈልጎ ከአብዛኞቹ ጠፍቷል። ሴሎቹ የደቦ ሰዎች ናቸው፤ መጥተው የእድገት ፕሮቲኖችን ይረጫሉ፣ የባለቤቱን የፈዘዙ ሴሎች ያነቃሉ፣ ይሄዳሉ። ቁስሉን የሚዘጋው የሕመምተኛው የራሱ ቆዳ ነው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አፕሊግራፍን ለስኳር ቁስል የፈቀደው በ2000 ነው። በ2001 በታተመው ጥናት 208 ሕሙማን ተሳትፈዋል። ክቡ ከተደረገላቸው በ12 ሳምንት ውስጥ 56 ከመቶው ሙሉ በሙሉ ዳኑ፤ በጨው ውሃ በራሰ ጋዝ ከታከሙት ደግሞ 38 ከመቶው። አጥንት መመረዝና መቆረጥም ክቡ በተደረገላቸው ዘንድ አነስ ብሎ ታይቷል። ሻጭ 56ን ያነሣል፤ የእኔ ዓይን ግን 38 ላይ ያርፋል። ሁለቱም ወገኖች የሞተ ሥጋቸው ተጠርጎ፣ እግራቸው ከክብደት አርፎ ነበርና፣ ያ ብቻውን ይህን ያህል ሰው አድኗል። ደም ወደ እግራቸው በቅጡ የማይወርድ ሰዎች ደግሞ ከመጀመሪያውም ጥናቱ ውስጥ አልገቡም፤ እግራችን ይቆረጥ ይሆን ብለው ይበልጥ የሚሰጉት ግን እነሱ ናቸው።

ለእነሱ ተስፋ የሚጣለው ከመቅኔ ወይም ከስብ በሚወሰድ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ በሚችል ሴል) ላይ ነው፤ አዲስ የደም ሥር ያበቅል እንደሆነ እየተጠና ነው። ጥናቱ ሳያልቅ የስቴም ሴል መርፌ የሚሸጡ ክሊኒኮች በየአገሩ ሞልተዋል፤ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ አንዳንዶቹን ፍርድ ቤት አቁሟል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሕክምናው ለዚህ ቁስል ተፈቅዷል ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

አንድ የአፕሊግራፍ ክብ አሜሪካ ውስጥ ከሺህ ዶላር በላይ ያወጣል፤ አንዳንዱ ቁስል በተከታታይ ሳምንታት ደጋግሞ ይፈልገዋል። ክቡ ከመነጠፉ በፊት ሐኪሙ የእግሩን ትርታ ይዳስሳል፣ አጥንቱን ያያል፣ የሞተውን ሥጋ ደሙ እስኪታይ ይጠርጋል። ከተነጠፈ በኋላም ሕመምተኛው በዚያ እግር ከረገጠበት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። የእግር መዳፍ ቁስልን ከክብደት የሚያሳርፈው ደህና ዘዴ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጀሶ ነው፤ እሱም የለመደ እጅ ይፈልጋል፤ በማይሰማ እግር ላይ ክፉኛ የታሰረ ጀሶ ሌላ ቁስል ያወጣል።