ስትወልድ የደማች ላም ለእርባታ ትሆናለች?

በሞያሌ ገበያ የቦረና ላም ለእርባታና ለእርድ የምታወጣው ዋጋ አንድ አይደለም። ስለዚህ ላሟ ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ከነበረ፣ በምን ሕክምና እንደዳነች ማወቅ ለነጋዴው ከቁመናዋ በላይ ይጠቅማል።

ደሙ የመጣው ጥጃው ሲወጣ ከተቀደደ የብልት ግድግዳ ከሆነ፣ የእንስሳት ሐኪም የተበጠሰውን ደም ስር በክር ያስረዋል። ማህፀኗ ካልተነካ፣ ቁስሉ ሲድን ብዙውን ጊዜ ትፀንሳለች።

ማህፀን ተገልብጦ ሲወጣ ደግሞ የሚመግበው ደም ስር ሊበጠስ ይችላል። ቶሎ ታጥቦ ከተመለሰ ተስፋ አለ፤ ሆኖም እስክትፀንስ ልትዘገይ ትችላለች። ማህፀኑ ተበላሽቶ ተቆርጦ ከወጣ ግን ላሟ ብትተርፍም ዳግም አትወልድም፤ ዋጋዋ የእርድ ዋጋ ነው።

ማህፀኗ የወጣባት ላም ወፍራና አምራ ልትታይ ስለምትችል ዓይን አይበቃም። ገዢው የመጨረሻ ወሊዷ እንዴት እንደነበር ይጠይቅ። ሐኪምም ከክፍያ በፊት በፊንጢጣ በኩል እጁን አስገብቶ ይመርምራት፤ ማህፀኗ መኖሩን፣ ከ2 ወር ገደማ ያለፈ እርግዝና ካለም እሱን በመዳሰስ ይለያል። ላሟ ድንበር ከተሻገረች በኋላ ሻጩን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።