ስልክ ላይ የሚነበበው አማርኛ

ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር የተባለውን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ አሶሳ ገበያ ላይ በቆሎ የምትሸጥ ሴት ከገንዘቧ ጋር የሚያገናኛት ስክሪን ላይ ብቅ የሚል አጭር ጽሑፍ ነው፤ “መጠን ያስገቡ”፣ “ያረጋግጡ”፣ “አልተሳካም”። እነዚህን ቃላት መምረጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

የሙያው ዋና ፈተና የስህተት መልእክት ይመስለኛል። ሰው ጽሑፉን ከልቡ የሚያነበው ገንዘቡ ሲያሰጋው ነውና። “ግብይቱ አልተሳካም” ብቻ ሲባል ብሩ ወጥቷል ወይስ አልወጣም? ደግማ ትላክ? “500 ብሩ አልተላከም። ከሂሳብዎ አልተቀነሰም። ጥቂት ቆይተው እንደገና ይሞክሩ።” ቢላት ግን ሁለቱም ጥያቄ ይመለሳል። ውጤቱ ገና ካልታወቀ ደግሞ “እየተጣራ ነው፤ ደግመው አይላኩ” ማለት ያስፈልጋል፤ ያልተረጋገጠን ነገር አልተቀነሰም ማለት ከዝምታ የከፋ ነው።

ቦታውም ጠባብ ነው። አንድ የጽሑፍ መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ምልክት ሲይዝ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል። “500 ብሩ አልተላከም” የሚለው መልእክት ሙሉው ከነክፍተቱ 50 ነው። ስለዚህ በየመስመሩ “እባክዎን” መደርደር አያስፈልግም፤ “ያስገቡ” ራሱ አክብሮት አለው፣ ወንድና ሴትም አይለይም። ሰዓት ላይ ግን መቆጠብ አይገባም። “8:00” ሲባል አንዱ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብሎ ይረዳዋል። “ከቀኑ 8 ሰዓት” ብሎ መጻፍ ነው።

አሶሳ ባለችበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ጉዳዩ ይበረታል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም ነባር ሕዝቦቹ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ በአብዛኛው አፋቸውን የፈቱት በየራሳቸው ቋንቋ ነው። ለብዙዎቹ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ስለሆነ “ተቀናሽ ተደርጓል” ከሚል የቢሮ አነጋገር ይልቅ “ተቀንሷል” ቶሎ ይገባቸዋል። ቴሌብር ሲጀመር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ ነበር፤ ከክልሉ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች አንዱም አልነበረበትም።

በርታ፣ ጉሙዝና ሽናሻ ዛሬ የትምህርት ቋንቋዎች ናቸው፤ መምህራኑም በክልሉ አሉ። መተግበሪያ የምትሠሩ ወገኖች፣ ጽሑፋችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት አሶሳ ገበያ ወስዳችሁ አስነብቡት፤ ገበያተኞቹ ያልገባቸውን ቃል ለውጡ። በሦስቱ ቋንቋዎች የሚነበብ ምናሌም ከእነዚያ መምህራን ጋር ተቀምጣችሁ ጀምሩ።